ከሕፃን እስከ አረጋዊ ለሚወጣ ጉዞ፦ መጀመሪያ የሚመረጠው ተራራው አይደለም

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት የመዝናኛ ክበብ አስተባባሪ ናቸው። በጥቅምት አጋማሽ አንድ ቅዳሜ ሠራተኞቹን ከነቤተሰባቸው ከከተማ ለማውጣት አስበዋል። ተጓዦቹ አርባ ያህል ናቸው። ከእነርሱ መካከል ከሰባ ዓመት በላይ የሆኑ ወላጆች፣ ከስድስት እስከ አሥር ዓመት የሆኑ ልጆች፣ በዊልቸር የሚንቀሳቀሱ አንድ ባልደረባ፣ አንድ ዐይነ ስውር የሒሳብ ሠራተኛ፣ አንዲት የስድስት ወር ነፍሰ ጡር፣ በዚያው ሳምንት ከጅዳ ለዕረፍት የሚመጡ ዘመዶች፣ እንዲሁም ተራራ ካልወጣን የሚሉ ወጣቶች ይገኛሉ። ባለፈው ጉዞ ወጣቶቹ ተራራ ሲወጡ የቀረው ሰው አውቶቡሱ አጠገብ ዕቃ ሲጠብቅ ውሏል። ዘንድሮ ወንጪ፣ መናገሻ ሱባና እንጦጦ ታስበዋል። “የትኛው ይሻላል? ለእያንዳንዱስ ምን እናዘጋጅ?” ይላሉ።

እንደ ጠየቁኝ ቅደም ተከተል ብመልስ ባለፈው ጊዜ የሆነው እንዳይደገም እፈራለሁ። ቦታውን ከመረጡ በኋላ ሰውን እዚያ ቦታ ላይ ለማደላደል የሚሞክር ሁሉ መጨረሻው አንድ ነው፤ ጉልበት ያለው ይሄዳል፣ የሌለው ዕቃ ይጠብቃል። ስለዚህ መጀመሪያ ሊወስኑት የሚገባው ሁሉም ሰው የሚነሣበትንና ሁሉም ተመልሶ የሚገናኝበትን አንድ ሜዳ ነው። ያ ሜዳ ዊልቸር የሚደርስበት፣ መጸዳጃ ያለው፣ ጥላ ያለው፣ መኪና የሚቀርበው ከሆነ መንገዶቹን ከእርሱ መዘርጋት ይቻላል። አንዱ አጭር፣ አንዱ መካከለኛ፣ አንዱ ረጅም ይሆናል፤ ሦስቱም ግን ዞረው እዚያው ይመለሳሉ። የሦስቱ መንገደኞች በምን ሰዓት እንደሚገናኙ አስቀድሞ ከተወሰነ የቀኑ ግማሽ ሥራ ተጠናቀቀ ማለት ነው።

በዚህ መለኪያ ሦስቱን ቦታዎች ልያቸው። ወንጪ እጅግ ያማረ ነው። የዓለም ቱሪዝም ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ብሎ መርጦታል፤ ይገባዋልም። ነገር ግን ከአዲስ አበባ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ነፍሰ ጡርን፣ አረጋውያንንና ትንንሽ ልጆችን ሦስት ሰዓት ለመሄጃ፣ ሦስት ሰዓት ለመመለሻ ወንበር ላይ ማስቀመጥ ቀኑን በመኪና መጨረስ ነው። ደግሞም ከሐይቁ ዙሪያ ካለው ከፍታ ወርዶ ወደ ውኃው የሚሄድ ሰው ድካሙ የሚጠብቀው ሲመለስ ነው። ምሳ ከተበላ በኋላ፣ ፀሐይ ከበረታች በኋላ፣ ልጆች ከዛሉ በኋላ ሽቅብ መውጣት ይመጣል። ለተደበላለቀ ቡድን ከባዱ ክፍል መጨረሻ ላይ የሚመጣበትን መንገድ አልመርጥም። አንድ ሌሊት ለማደር አቅሙ ሲኖራችሁ ወንጪን ያስቡበት።

መናገሻ ሱባ ከልቤ የምወደው ደን ነው። ከከተማው ሃምሳ ኪሎ ሜትር እንኳ የማይርቅ፣ የጽድ፣ የዝግባና የወይራ ጥንታዊ ዛፎች ያሉበት፣ ጉሬዛና የምኒልክ ድኩላ የሚታይበት ነው። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጽድ ችግኝ እንዳስተከሉበት በትውፊት ይነገራል። ወጣቶቹን ብቻ ብትወስዱ ኖሮ ሌላ ቦታ አልጠቁማችሁም ነበር። ሆኖም ወደ ደኑ የሚያስገባው የመጨረሻው መንገድ ጥርጊያ ነው፣ በደኑ ውስጥ ያሉትም የእግር መንገዶች ሥርና ድንጋይ የበዛባቸው ናቸው፤ ለዊልቸር አይሆኑም።

ስለዚህ ለዚህ ቡድን፣ ለዚህ ቅዳሜ፣ እንጦጦን እመርጣለሁ። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ የተነጠፉ መንገዶች፣ ማረፊያዎችና መጸዳጃዎች አሉት፤ ቅርብ በመሆኑም ሰው ቢታመም ቶሎ መውረድ ይቻላል። “እንጦጦማ ሁልጊዜ የምናየው ነው” የሚል ወጣት አይጠፋም። ለእርሱ የምትሰጡት መልስ ረጅሙ መንገድ ነው፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

ቦታው ላይ ከመስማማታችሁ በፊት ግን ሰዎቹን ጠይቁ። “ጤናዎ እንዴት ነው?” የሚል ጥያቄ ለዚህ አይጠቅምም፤ በሀገራችን የሚያገኘው መልስ “እግዚአብሔር ይመስገን” ብቻ ነው። ጥያቄው ቁርጥ ያለ ይሁን፤ ሦስተኛ ፎቅ ሳያርፉ ይወጣሉ? በሰዓት የሚወስዱት መድኃኒት አለ? ምን ያህል ጊዜ ሳይቸገሩ ይቀመጣሉ? ከምግብ የሚተዉት ምንድን ነው? ከዚህ ቀን ምን ቢያገኙ ደስ ይልዎታል? የመጨረሻውን ጥያቄ ብዙ አስተባባሪዎች ይረሱታል። የሰባ አምስት ዓመት እናት “እንጦጦ ማርያምን ብሳለም” ሊሉ ይችላሉ፤ ከዚያ ወዲያ ዕቅዳችሁ ለእርሳቸው ምን መያዝ እንዳለበት ግልጽ ነው። ይህን መጠይቅ ለእያንዳንዱ ለብቻው ስጡ፤ መልሱም ከእርስዎና ከመጀመሪያ ርዳታ ሰጪው አይለፍ። በስብሰባ መካከል “ማን ሕመም አለበት?” ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ እውነተኛ መልስም አያስገኝም።

በዊልቸር የሚንቀሳቀሱትን ባልደረባ በተመለከተ ከሁሉም በፊት የምለምንዎ ለቅኝት ስትሄዱ እርሳቸውን ይዛችሁ እንድትሄዱ ነው። ሌላ ሰው በእርሳቸው ፈንታ “ይበቃል” ብሎ ሊመሰክር አይችልም። ሜትርም ያዙ። ለውጭ መንገድ የሚሠራበት ልክ ይህ ነው፦ በ20 ሜትር ርቀት ከ1 ሜትር የማይበልጥ ዳገት ረጅም መንገድ ቢሆንም ያስኬዳል፤ በ12 ሜትር 1 ሜትር የሚወጣ ከሆነ ግን ከ60 ሜትር በላይ እንዲቀጥል አይመከርም፣ ከዚያ ደልዳላ ማረፊያ ያስፈልጋል። የመንገዱ ስፋት ከ90 ሳንቲ ሜትር አይነስ፤ ዞሮ ለመመለስ ደግሞ 1 ሜትር ከ50 ስፋት ያለው ደልዳላ ቦታ ይፈለጋል። እንጦጦ ላይ ከዳገቱ ሌላ አንድ ጠላት አለ። የባሕር ዛፍ ፍሬና ደረቅ ቅጠል ንጣፉ ላይ ሲከማች ጎማ ያንሸራትታል፤ የአረጋውያንንም እግር ያድጣል። በጉዞው ዕለት ማለዳ ሁለት ወጣቶች መጥረጊያ ይዘው ቀድመው ይድረሱና አጭሩን መንገድ ይጥረጉት። መጸዳጃውን በር ከፍታችሁ፣ ዊልቸሩን አስገብታችሁ፣ በሩ መዘጋቱን እዩ። ውሎን የሚያበላሸው ብዙውን ጊዜ ተራራው አይደለም፤ መጸዳጃው ነው። አውቶቡስ ላይ ስለ መውጣትም እንዴት እንዲረዷቸው እንደሚፈልጉ እርሳቸውን ጠይቁ፣ እንደነገሯችሁም አድርጉ። ከፈለጉ በትንሽ መኪና ይምጡ፤ ነገር ግን ብቻቸውን ከሆነ ከቡድኑ መነጠል ነውና ሌሎች ሰዎችም አብረዋቸው ይሳፈሩ።

አሁን ወደ መንገዶቹ። ርቀቱ በየቡድኑ ይለያያል፤ የጊዜውን ስሌት ግን ለሁሉም በአንድ ደንብ መሥራት ይቻላል። ዊልያም ናይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ በ1892 እ.ኤ.አ. ያወጣው ደንብ እስከ ዛሬ ይሠራል፦ ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ሽቅብ ተጨማሪ አንድ ሰዓት። ወጣቶቹ የሚሄዱበት መንገድ 8 ኪሎ ሜትር ቢሆንና በጠቅላላው 350 ሜትር ሽቅብ ቢኖረው፣ ለርቀቱ 96 ደቂቃ፣ ለዳገቱ 35 ደቂቃ፣ ድምሩ 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ይሆናል። ይህ ያለ ዕረፍት በብርቱ እግር ነው። በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ሳሳ ስለሚል፣ ዕረፍትና ፎቶግራፍም ስላለ ሦስት ሰዓት ያዙለት። መካከለኛው መንገድ 3 ኪሎ ሜትርና 60 ሜትር ሽቅብ ቢሆን ደንቡ 42 ደቂቃ ይሰጠዋል፤ አረጋውያንና ልጆች ስላሉበት በእጥፍ አስቡት፤ አንድ ሰዓት ተኩል ይብቃው። አጭሩ መንገድ ከ800 ሜትር እስከ 1 ኪሎ ሜትር፣ የተነጠፈ፣ ደልዳላ ይሁን፤ እየቆሙ፣ እያወጉ አርባ ደቂቃ።

ስሌቱ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፦ ረጅሙ ቡድን ጧት 3 ሰዓት ሲነሣ አጭሩም አብሮ ቢነሣ፣ አጭሩ በ3 ሰዓት ከ40 ተመልሶ ከሁለት ሰዓት በላይ ሌሎቹን ሲጠብቅ ይውላል። ባለፈው ዓመት የሆነውም ይኸው ነው። ስለዚህ ረጅሙ በ3፣ መካከለኛው በ4 ተኩል፣ አጭሩ በ5 ሰዓት ከሩብ ይነሣ። ሁሉም 6 ሰዓት ገደማ ወደ ሜዳው መግቢያ ይደርሳሉ። የመጨረሻው 300 ሜትር ለሦስቱም የጋራ መንገድ ይሁን፤ እዚያ ተገናኝተው አብረው ይግቡ። ፊት የሚመራው የአጭሩ መንገድ ቡድን ይሁን፤ ከፊት ያለው ሰው እርምጃውን ስለሚወስን ከኋላ ያለው ወጣት ለመጀመሪያ ጊዜ በአረጋዊ እግር ይራመዳል። ይህን ያየ አስተባባሪ ወደ ሌላ ዓይነት ዕቅድ ሲመለስ አላየሁም።

አጭሩ ቡድን ከመነሣቱ በፊት ያለው ሁለት ሰዓት ባዶ እንዳይመስልዎ። የቀኑ ልብ እዚያ ነው። ቡናው እዚያ ይፈላል። ገበጣ እዚያ ይዘረጋል፤ ገበጣን አጥብቄ የምመክረው ሁሉንም የሚያሳትፍ ጨዋታ ስለሆነ ነው። አረጋውያን ያውቁታል፣ ልጆች በአንድ ሰዓት ይለምዱታል፣ ዐይነ ስውሩ ባልደረባችሁ ጠጠሩን በእጃቸው እየቆጠሩ ከማንም እኩል ይጫወታሉ፤ ምናልባት የሒሳብ ሠራተኛ ናቸውና ሁሉንም ያሸንፉ ይሆናል። መሬት ላይ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ግን አትጫወቱ፤ በዊልቸር ያሉት ይገለላሉ፣ የፓርኩም መሬት ይጎዳል። የእንጨት ገበጣ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ፤ ጉልበት እንዲገባበት ከጠረጴዛው ሥር 70 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ይኑረው።

አረጋውያኑን እንግዳ ብቻ አታድርጓቸው። ሥራ ስጧቸው። ለረጅሙ መንገድ ቡድን ጥያቄ የሚያወጡት እነርሱ ይሁኑ። ምኒልክ ወደ አዲስ አበባ ሳይወርዱ በፊት መናገሻቸው እንጦጦ ነበረች፤ በ1882 ዓ.ም. በጥቅምት የነገሡትም በእንጦጦ ማርያም ነው። ጉዟችሁ በጥቅምት መሆኑ ደስ የሚል ግጥምጥሞሽ ነው። አንድ አባት “ከተማው ለምን ከተራራው ወረደ?” ብለው ይጠይቁ፤ ወጣቶቹ መንገድ ላይ ሲሄዱ ብርዱን፣ የማገዶውንና የውኃውን ነገር እያዩ መልሱን ይዘው ይምጡ። ባሕር ዛፍ ወደ ሀገራችን የገባው በዚያው ዘመን፣ በማገዶ እጥረት ምክንያት መሆኑን ከዛፎቹ መካከል ቆሞ መስማት ከክፍል ትምህርት ይበልጣል። ቤተ ክርስቲያን መሳለም የሚፈልጉትን ከአንድ ወጣት ጋር በመኪና ማድረስና 5 ሰዓት ላይ መመለስ ይቻላል።

ለዐይነ ስውሩ ባልደረባችሁ የሚመደበው ሰው እጃቸውን ይዞ አይጎትት። ክንዱን ይስጣቸው፤ እርሳቸው ከክርኑ በላይ ይዘው ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ይሂዱ። “ተጠንቀቁ” ማለት አይጠቅምም፤ “አንድ ደረጃ ወደ ታች” ማለት ይጠቅማል። ጤናቸው ካላገዳቸው ረጅሙን መንገድ መምረጥም መብታቸው ነው፤ ከመካከለኛው ቡድን ጋር ናቸው ብላችሁ አስቀድማችሁ አትመድቡ። ለሁሉም የሚጠቅም አንድ ነገርም ከእርሳቸው መንገድ ይገኛል፦ በየመቆሚያው ቅጠል አሽቶ ማሽተት፣ የጽድና የባሕር ዛፍ ቅርፊት በእጅ መለየት፣ ለሁለት ደቂቃ ዝም ብሎ ወፍ መስማት። ልጆች ይህን በጣም ይወዱታል።

ልጆችን በተመለከተ፣ በዚህ ዕድሜ አንድ ነገር ከሃያ ደቂቃ በላይ አይይዛቸውም። ሰኞ ማክሰኞ፣ አኩኩሉ፣ ሱዚ ተራ በተራ ይምጡ። አኩኩሉን ግን የምትታይ ወሰን ባላት ሜዳ ውስጥ ብቻ ፍቀዱ፤ ደን ውስጥ መደበቅ መጥፋት ይሆናል። ለአራት ልጆች አንድ አዋቂ መድቡ፤ የገዛ ወላጆቻቸው ባይሆኑ ይሻላል፣ ወላጆቹም ቀኑ የእነርሱም ነውና። ደማቅ ልብስ ይልበሱ፣ አንገታቸው ላይ ፊሽካ ይንጠልጠል። ከጠፉ እየሮጡ መፈለግ ሳይሆን ባሉበት አንድ ዛፍ አጠገብ ቆመው መንፋት እንደሚገባቸው ከመነሣታችሁ በፊት በጨዋታ አለማምዷቸው።

ነፍሰ ጡሯ ሐኪማቸው ካልከለከላቸው በስተቀር መራመድ ይጠቅማቸዋል እንጂ አይጎዳቸውም። ፈረስና በሽቦ መንሸራተት ይቅርባቸው። ከጅዳ የሚመጡት ዘመዶቻችሁ ጉዳይ ግን የበለጠ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም እነርሱ ጤነኛ ነን ብለው ስለሚያስቡ ማንም አያስተውላቸውም። ጅዳ በባሕር ጠርዝ ያለች ከተማ ናት። አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ እንጦጦ ደግሞ 3,000ን ያልፋል። የከፍታ ሕመም ከ2,500 ሜትር ጀምሮ ሊታይ ይችላል። ለእነርሱ መካከለኛው ወይም አጭሩ መንገድ፣ ብዙ ውኃ፣ ዝግ ያለ እርምጃ ይሁን። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ አብረው ከመጡ፣ ምሳ እስኪደርስ አትጠብቁ፣ ወደ ከተማ አውርዷቸው። ከቦሌ እንጦጦ ሲደርሱ አየሩ በአራት ዲግሪ ያህል ስለሚቀዘቅዝ ሹራብ እንዲይዙም ንገሯቸው። ቀዝቃዛ ነው ብሎ ፀሐይን መናቅ ደግሞ ሌላ ስሕተት ነው፤ ከፍታ በጨመረ ቁጥር የፀሐይ ጨረር ይበረታል፤ ኮፍያ ለሁሉም ግዴታ ይሁን።

ምግቡን በያይነቱ አድርጉት፣ ሁሉም የጾም ይሁን። ቅዳሜ ነው ብላችሁ ሥጋ እንዳታስቡ። በጥቅምት የጽጌን ጾም በፈቃዳቸው የሚጾሙ እናቶች ይኖራሉ፤ ሥጋ ከመጣ የክርስቲያንና የሙስሊም ተብሎ ማዕዱ ይከፈላል፤ ሙቀቱ ሳይጠበቅ ለሰዓታት የተቀመጠ ወጥም ለጤና ጥሩ አይደለም። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ አልጫ በአገልግል ሲመጣ ሁሉም ከአንድ ገበታ ይበላል። ዝቅ ብለው መቀመጥ ለሚቸገሩ አረጋውያንና በዊልቸር ላሉት ባልደረባችሁ ከፍ ያለ ገበታ ያስፈልጋል፤ እነርሱን ለብቻ አታስቀምጡ፣ ሁሉም ከፍ ካለው ይብላ። ለመንገድ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና በሶ ይበቃል። የዙህር ሶላት ከምሳው ሰዓት ጋር ስለሚገጥም ለሚሰግዱ ጸጥ ያለ ቦታና የውዱእ ውኃ አዘጋጁ። የራስን ምግብ ማስገባት ስለመፈቀዱና ጉዞው የቡድን ስለመሆኑ ከፓርኩ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

የክፍል ከክፍል ውድድር እንዳታዘጋጁ እመክራለሁ። ገመድ ጉተታና ኳስ የሚደሰቱባቸው እነማን እንደሆኑ፣ ዳር ቆመው የሚያጨበጭቡት እነማን እንደሆኑ ባለፈው ጉዞ አይታችኋል። ወጣቶቹ ኳስ ከፈለጉ ከምሳ በኋላ ለአንድ ሰዓት ይጫወቱ፤ የቀኑ ማዕከል ግን አይሁን። መጠጥም ለዚህ ቀን ይቅር፤ ልጆች፣ ገደልና ረጅም መንገድ ባለበት ቦታ አይሆንም።

ስለ ደኅንነት አስቀድሞ የሚወሰነው ነገር ጥቂት ነው፤ ግን ፈጽሞ አይለወጥም። ረጅሙ ቡድን 4 ሰዓት ከ40 ላይ የትም ይድረስ የት ፊቱን ወደ ሜዳው ያዞራል፤ “ትንሽ ቀረን” አይሠራም። ፊትና ኋላ የሚሆኑ ሁለት ሰዎች ይመደቡ፤ ከኋላኛው ጀርባ ማንም አይቅር። ለመንገዱ ለአንድ ሰው በሰዓት ግማሽ ሊትር ውኃ ይያዝ። አንድ መኪና ሜዳው ላይ ነዳጁ ሞልቶ፣ ሾፌሩ ሳይርቅ ይቆይ። ሁሉም ነገር ይቁም ብሎ የሚወስን አንድ ሰው ይኑር፤ አለቃ መሆን የለበትም፣ አለቃውም የሚታዘዘው ይሁን። በጥቅምት ዝናብ እምብዛም ነው፤ ነጎድጓድ ከተሰማ ግን ከረጃጅም ዛፎች ሥር ወጥታችሁ ሕንፃ ወይም መኪና ውስጥ ግቡ፤ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ ሠላሳ ደቂቃ ሳይሞላ አትውጡ። ወደ ቤት መልስ 9 ሰዓት ይሁን።

ቅኝቱን ከሁለት ሳምንት በፊት በቅዳሜ፣ በዚያው ሰዓት አድርጉት፤ የሰኞ እንጦጦና የቅዳሜ እንጦጦ የሕዝቡ ብዛት አይገናኝም። በዊልቸር የሚንቀሳቀሱት ባልደረባችሁ መንገዱን ሞክረው “አይሆንም” ካሉ አትከራከሯቸው። ቢሾፍቱ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከፍታው 1,900 ሜትር ገደማ በመሆኑ ለጅዳ እንግዶችም ይቀላል፣ ከሐይቆቹ ዳር ደልዳላ ሜዳ ያላቸው ግቢዎች አሉ። ያኔ ረጅሙ መንገድ ያጥራል፤ ውኃ አጠገብ ልጆችን የሚጠብቀው አዋቂ ቁጥርም ከአራት ለአንድ ወደ ሁለት ለአንድ ይለወጣል። የቀረው አሠራር እንዳለ ይሠራል።